ጀርመኖቹ ፈረሶቻቸውን ምን ያበሉ ነበር

ዘንድሮ መስቀል ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ሳይ፣ ከረባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሩቅ አገር ጦርነት ይተነትኑ ነበር። አንደኛው ካርታ ላይ ቀይ ቀስት እየሳበ ነገሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደሚያልቅ በእርግጠኝነት ተናገረ። አጠገቤ የተቀመጠው ባጃጅ ነጂ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ ጄኔራል፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ያልቃል?» አለኝ። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ መልሴን ጠበቀ። በዚህ ከተማ ስለ ጦርነት ጥያቄ ሲነሳ የሚጠየቀው ሰው እኔ ነኝ፤ ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ስለሆነ ነው። ያን ዕለት ግን ቀዩን ቀስት አይቼ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። «አላውቅም» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሻዬን እንደጀመርኩት ትቼ ወጣሁ።

በሩ ላይ ከጃጁራ ሚኒባስ የወረደ አንድ ሰው ዱላውን ተመርኩዞ ቆሟል። ኤርሱሞ ነው፤ የወጣትነት ጓደኛዬ።

«ጄኔራል፣ አለህ?» አለኝ።

«አለሁ። እግርህስ?»

«እግሬ እንደ መንግሥት መኪና ነው፤ ዳገት ሲያይ ይቆማል። ስማ፣ አንተን ፍለጋ ነው የመጣሁት። ዘንድሮ መስቀልን እኔ ቤት ነው የምትውለው። ታላላቆቻችን ሁሉ አለቁ። አባቴ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ሽማግሌ የለኝም። አንተ ትቀመጣለህ።»

«እኔ? የአንጋጫው ከምባታ በሀዲያ ቤት?»

«ከምባታ ሥጋ አይበላም እንዴ? መጥተህ ትመርቃለህ፤ የመጀመሪያውን ሥጋ ትቆርጣለህ፤ ከዚያ እንደ ልማድህ ስለ ጀርመን ታወራልናለህ።»

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ግን ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ከአራዳ እስከ ጎፈር ሜዳ ያለው መንገድ ርዝመቱ ለጉድ ነበር። የኤርሱሞ አባት የአቶ ሀንዲሶ ቦታ ከምሰሶው አጠገብ ያለው ነው። እዚያ ቦታ ላይ የሚቀመጥ ሰው እጁም አፉም ንጹሕ መሆን አለበት። የእኔ አፍ ንጹሕ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት የስፌት መኪናዬ አዲስ ወደ ነበረበት ዘመን መመለስ አለብኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ በዚያ ዘመን ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ እንደ እኔ ኮት የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። የሚቀናቀኑኝ እንኳ ይህን አይክዱም። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሶች ማታ ማታ በሚማሩበት የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው፤ በአራት ወር ጨርሼ የአስተማሪውን የፊደል ግድፈት አርሜያለሁ። እንግሊዝኛን ደግሞ ማንም አላስተማረኝም። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከክርና ከመርፌ ጋር ይቀመጣል። ባለ ዲግሪ መምህራን ልብስ ሊያሰፉ መጥተው የአንድን ቃል ትርጉም ጠይቀውኝ የሄዱበት ቀን አለ።

የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ከጨርቅ ሱቆቹ ፊት ለፊት ነበር፤ አሁን ባለ መስታወት ፎቅ ቆሞበታል። ስድስት ሰባት መኪና በተርታ ይንጣጣል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በክረምት ዝናብ ሲመታ አንዳችን የሌላውን ድምፅ አንሰማም። ከሱቁ ራዲዮ የክራርና የሳክስፎን ዜማ ይፈሳል፤ ዘፋኞቹ ሁሉ ያኔ የሚያለቅሱ ይመስሉ ነበር። የወንዱ ሱሪ ከጉልበት በታች እንደ ደወል ይሰፋል፤ ቤልቦተም እንለዋለን። የሱሪው ግርጌ ጭቃውን እየጠረገ ስለሚሄድ ቁርጥ ያለ ሱሪ ከለበሰ ሰው ይልቅ ቤልቦተም የለበሰው ፈጥኖ ይታወቃል። ቴትሮን የሚባል ጨርቅ ነበር፤ ተኩሰኸው ስድስት ወር አይጨማደድም። የአንድ ሱሪ ማሰፊያ ዛሬ ለአንድ ማኪያቶ የማይበቃ ገንዘብ ነበር። ባጃጅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰውም እህልም በጋሪ ነው። የጃጁራን ስንዴ ወደ ሆሳዕና፣ የሆሳዕናን ጨውና ሳሙና ወደ ጃጁራ ከሚያመላልሱት ጋሪ ነጂዎች አንዱ ኤርሱሞ ነበር። ዳማ ፈረስ ነበረው። ከራሱ ፊት ፈረሱን ነው የሚያበላው። በረንዳችን ሥር ጋሪውን አቁሞ፣ የገለባ ጆንያ ከፈረሱ አንገት ላይ አንጠልጥሎ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ የሚመጣው። «አንተ በመጽሐፍህ፣ እኔ በፈረሴ» ይለኝ ነበር፤ «ሁለታችንም የሚናገር ነገር አላገባንም።»

መጽሐፉን የሰጠኝ የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር የመጣ አንድ ጀርመናዊ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሱሪው ሁልጊዜ ጉልበቱ ላይ የሚቀደድ ሰው ነበር። ሱሪውን ስጥፍለት መዝገበ ቃላቴን አይቶ ተገረመ፤ ማንም ቢሆን ይገረም ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ሲል በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ስለ ጀርመን ጦር አስተሳሰብ ነበሩ፤ እንዴት እንደሚያቅዱ፣ እንዴት እንደሚዘምቱ፣ እንዴት እንደሚከብቡ፤ አንደኛ ቅጽና ሁለተኛ ቅጽ። አባቱ ጦርነት ላይ ቀርቶበት እንዴት እንደቀረ ለማወቅ እንደገዛቸው ነገረኝ። «አሁን ስላወቅኩ ቤቴ አላስቀምጣቸውም» አለ። ከዚያ ሁለተኛውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «መጀመሪያ ይህን አንብብ» አለኝ። ቀለል ያለ ቀልድ መሰለኝ። ከመሃል የሚጀምር አንባቢ የት አለ? እኔ ከአንደኛው ጀመርኩ።

አንደኛውን ቅጽ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ግን ስጨርስ በቃሌ ነው የያዝኩት። የሚጀምረው ከሽንፈት ነው። ፕሩሲያ የምትባለው የጀርመኖች አገር በአንድ የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ድባቅ ተመታች። ከዚያ የተረፉት መኮንኖች ቁጭ ብለው አሰቡ፤ ጦርን የሚመራው በዘር የተወለደ ሳይሆን ያጠና ሰው መሆን አለበት አሉ። ጠቅላይ መምሪያ አቋቋሙ። በሰላሙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተው፣ የእንጨት ቁርጥራጭን ወታደር አድርገው፣ ያልመጣውን ጦርነት ይጫወቱት ጀመር። ያን ሳነብ ያ በረንዳ ጠበበኝ፤ ያጠና ሰው ከባለ ዘር ይበልጣል የሚል አገር በዓለም ላይ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ማርሻል መጣ። ባቡርንና ቴሌግራፍን ለጦርነት አዋላቸው፤ ጦሩን በተለያየ መንገድ በትኖ ያስኬደውና ውጊያው ቦታ ላይ ያገናኘዋል። ለበታቹ መኮንን «ኮረብታውን ያዝ» ይለዋል እንጂ እንዴት እንደሚይዘው አይነግረውም፤ ያንን ቦታው ላይ ያለው ሰው ይወቅበት ይላል። በዚህ ዘዴ አንዱን አገር በሰባት ሳምንት፣ ሌላውን በጥቂት ወር አንበረከኩ። የመጽሐፉ መጨረሻ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ አንድ መነጽራም ኮንት፣ ማለት መስፍን፣ ቀኝ ክንፉን አክብዶ፣ ግራውን አቅልሎ፣ በቤልጅግ በኩል እንደ በር ተወርውሮ ፈረንሳይን ከጀርባዋ ለመዝጋት ያወጣው ዕቅድ ነው። ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ዕቅዱ ጸድቶ፣ ቀስቶቹ ካርታው ላይ ተስለው።

ማታ ማታ እትዬ አስካለ ሻይ ቤት እንሰበሰባለን። እትዬ አስካለ ከሰሜን የመጡ የመምህር ሚስት ነበሩ፤ ሻያቸው ቀረፋ የበዛበት፣ ምላሳቸው ስለት ያለው። እኔ ስኳር መያዣውን ፓሪስ አደርገዋለሁ፤ ብርጭቆዎቹን ቀኝ ክንፍ። ብርጭቆዎቹን እያዞርኩ ስኳሩን ከጀርባው ስይዘው ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። «ጄኔራል» የሚለውን ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። «ይኸው ጄኔራሉ ብርጭቆዬን ሊሰብርብኝ ነው» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ የባንክ ጸሐፊ «ታዲያ ይህን ሁሉ ካወቁ ለምን ተሸነፉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዓለም ሁሉ ተባብሮባቸው ነዋ» አልኩት። ሁለተኛውን ቅጽ እንዳላነበብኩ አልነገርኩትም። ማንም አልጠየቀኝማ።

አንድ ሰው ብቻ ነው በደንብ የጠየቀኝ። ኤርሱሞ ብርጭቆዎቹን ሲያይ ቆየና «ባቡሩ የት ድረስ ነው የሚሄደው?» አለ።

«ድንበሩ ድረስ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።»

«ዳቦውንና መድፉንስ ማን ይሸከመዋል?»

«ፈረስ ነዋ።»

«ብዙ ፈረስ?»

«እንደ አሸዋ።»

«እነሱስ ምን ይበላሉ?» አለ።

እኔ ሳቅሁ። «አንተ ስለ ጦር ሲወራ የምታስበው ገለባ ነው?» ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እትዬ አስካለ ብቻ አልሳቁም። «የበላ ነው የሚሄደው» ብለው ሻዩን ቀዱለት። ኤርሱሞ ግን እሱም እንደ ሌላው ሳቀ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ የሰሜኑ ጦርነት በረታና የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። ቀበሌው ከእያንዳንዱ ሁለት ወንድ ልጅ ካለው ቤት አንድ እንዲሰጥ ተናገረ። አቶ ሀንዲሶ ሁለት ወንድ ልጆች ነበሯቸው፤ ኤርሱሞና ታናሹ ላጲሶ። ከእነዚህ ማን ይሂድ፣ ወይስ ሁለቱም ይደበቁ የሚለውን ለመምከር ዘመድ ሁሉ ጃጁራ መንገድ ካለው ግቢያቸው ዋንዛ ሥር ተሰበሰበ። እኔም ተጠራሁ። የማንም ዘመድ አልነበርኩም፤ የተጠራሁት ስላነበብኩ ነው። በዕድሜ ከሁሉ አንስ ነበር፤ በሽማግሌዎች መካከል በርጩማ ተሰጠኝ። ለራሴ በሰፋሁት ገበርዲን ኮት ሄድኩ፤ እውነቱን ልናገርና በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም።

የኤርሱሞ አጎት ከሆመቾ መጥተው ነበር። «ኤርሱሞን ለእኔ ስጡኝ» አሉ። «የእንሰት ማሳዬ መሃል ከገባ ዝንጀሮ እንኳ አያገኘውም። አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ይቀመጣል።»

አቶ ሀንዲሶ ወደ እኔ ዞሩ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ አንተ የፈረንጅን ጦር ሁሉ አንብበሃል ይሉኛል። ኤርሱሞ ቢሄድ ይመለሳል?»

ተነሥቼ ቆምኩ። ለመነሣት ማንም አልጠየቀኝም። ዘመናዊ ጦርነት አጭር እንደሆነ ነገርኳቸው። መኪና ባለበት፣ ሬዲዮ ባለበት ዘመን ጦርነት በሳምንታት እንደሚያልቅ፣ መንግሥት ቀኝ ክንፉን ካከበደ ነገሩ በዚያው እንደሚያበቃ፣ ቀድሞ የሄደ ቀድሞ እንደሚመለስ፣ የተደበቀ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንደ ዓይጥ እንደሚኖር አስረዳሁ። «አቶ ሀንዲሶ፣ ለመስቀል ይመለስልዎታል» አልኩ። አጎትየው «እንሰቱ ግን…» ሲሉ «እንሰትዎ ጠቅላይ መምሪያ የለውም» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አቶ ሀንዲሶ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ቆየ፣ ከዚያ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እዚያ ቤት ዋንዛው ሥር ተነግሮ የተመረቀ ቃል አይታጠፍም፤ ሊያጥፈው የሚችለው የተናገረው ሰው ብቻ ነው። እሱም ሽማግሌዎቹን መልሶ ጠርቶ፣ እዚያው ቆሞ፣ «ሳላውቅ ተናገርኩ» ማለት አለበት።

ኤርሱሞ የሚሄደው ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ዕለት ሥራ ቀዘቀዘብኝና ሁለተኛውን ቅጽ ከፈትኩ፤ ሕዝቡ ጥያቄ ሲያበዛብኝ አዲስ ነገር ላወራ ፈልጌ ነው። አንደኛው ቅጽ እንግሊዝኛውን አስለምዶኛል፤ ገጽ እየዘለልኩ ዋና ዋናውን ሳነብ እስከ ምሽት ከመኪናዬ አልተነሣሁም። የመነጽራሙ ኮንት ዕቅድ እንደተጻፈው ሄደ፤ ቀኝ ክንፉ በቤልጅግ በኩል ተወረወረ። ባቡሩ ከቆመበት ወዲያ ግን ፈረሶቹ ቀሩ። የሚበሉት ስላልተጫነላቸው ከየማሳው ያልበሰለ እህል አጭደው ሰጧቸው፤ ሆዳቸው ተነፋ፤ በየመንገዱ ዳር ወደቁ። መድፎቹ ከኋላ ቀሩ፤ ወታደሮቹ እየተራመዱ ያንቀላፉ ነበር። ስድስት ሳምንት የተባለው አራት ዓመት ሆነ፤ በጉድጓድ ውስጥ፣ በጭቃ። ያ መሸነፍ አላስተማራቸውም። ከሃያ ዓመት በኋላ ታንክና ሬዲዮን አዋሕደው ኃይላቸውን አንድ ነጥብ ላይ አከማቹና ፈረንሳይን በእውነት በስድስት ሳምንት ጣሏት፤ ድሉ ራሳቸው ላይ ወጣና ሩሲያን በረዶው ሳይመጣ እናንበረክካታለን ብለው ገቡባት። በፊልም የሚታዩት ታንኮች ከፊት ናቸው፤ ከኋላ ያለው አብዛኛው ጦር እንደገና በፈረስ ነበር የሚጎተተው። እንደገና ፈረሶቹ አለቁ፤ መጀመሪያ በጭቃ፣ ቀጥሎ በበረዶ። እነዚያ ያጠኑ፣ የተማሩ፣ ጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚጫወቱ መኮንኖች ሁለቴ ያልጠየቁትን ጥያቄ የጃጁራ ጋሪ ነጂ ሻይ እየጠጣ በአንድ ምሽት ጠይቆት ነበር። እኔም ሰው አስቄበት ነበር።

ዓርብ ጠዋት ኤርሱሞ መጣ። ጋሪውን ለላጲሶ ሰጥቶ በእግሩ ነበር የመጣው። ሱሪ ሊያሰፋ ነው።

«ቤልቦተም ይሁን» አለ፤ «ታቹ ሰፋ ይበል። አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ለመስቀል ስመጣ እለብሰዋለሁ።»

ሜትሬን አውጥቼ ወገቡን ለካሁ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ፣ ቴትሮኑ ሥር ተከፍቶ ነበር። እግሩን ለመለካት ተንበርክኬ ሳለሁ ከላይ ሆኖ «ጄኔራል፣ ያቺ ጥያቄዬ መልስ አገኘች?» አለኝ።

«የትኛዋ?»

«የፈረሶቹ።»

ያኔ ብናገር ኖሮ ጊዜ ነበረኝ። ሆመቾ በእግር ቢሆን እንኳ ከምሽት በፊት ይደረሳል። ማድረግ የነበረብኝ ቀና ብሎ ማየት ነበር፤ ከዚያ ወደ ዋንዛው ሄዶ በዚያው ገበርዲን ኮት በሽማግሌዎቹ ፊት ሳላውቅ ተናገርኩ ማለት። እትዬ አስካለ ይሰማሉ፤ የባንኩ ጸሐፊ ይሰማል፤ ብርጭቆ ባነሣሁ ቁጥር ይስቁብኛል። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ሜትሩን ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደያዝኩ አሰብኩት።

«አጃ ይበሉ ነበር» አልኩት።

«አጃውስ ከየት ይመጣል?»

«ያዘጋጃሉ። ጀርመኖች እኮ ናቸው።»

«እንግዲህ እነሱ ካዘጋጁ» አለ ደስ ብሎት። ቅዳሜ ሄደ።

ያ መስቀል መጣ። በእኛ በከምባታ መሳላ፣ በሀዲያ ያሆዴ የሚሉት በዓል ነው፤ አዲስ አበባ ያለውም፣ አዲሎ ከተማ ላይ መኪና የሚጠብቀውም ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስበት። ከመስከረም መባቻ ጀምሮ መኪኖቹ ሰው እንደ ጆንያ ጭነው ይገባሉ። አቶ ሀንዲሶ መናኸሪያ መጥተው ከጠዋት እስከ ማታ ቆሙ። የቅርጫውን ሥጋ ሲካፈሉ የኤርሱሞን ድርሻ ለብቻው አስቀመጡ። በበረንዳው በኩል ሲያልፉ ሰላም አሉኝ፤ የተሰፋውን ሱሪ ተሰቅሎ አዩት። «ይመጣል አይደል?» አሉኝ። «ትንሽ ዘገየ እንጂ ይመጣል» አልኳቸው። በሚቀጥለውም መስቀል ቆሙ። የእሱን ድርሻ ለብቻው አስቀመጡ። በሦስተኛው መስቀል ዋዜማ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ነበር፤ በዚያው በገበርዲን ኮት። ሱሪው እዚያው እንደተሰቀለ ቤልቦተም አልፎበት፣ ጠባብ ሱሪ መጥቶ፣ እሱም አልፎ ነበር። ብዙ ሰው ሊገዛው ፈልጎ ነበር፤ አልሸጥኩትም።

ኤርሱሞ የተመለሰው ከሰባት መስቀል በኋላ፣ ያ መንግሥት ወድቆ፣ ምርኮኞች በየመንገዱ በእግር ሲመለሱ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ አይታጠፍም። አባቱ መሞታቸውን የነገረው አዲሎ ላይ ያገኘው ሹፌር ነው። እኔ ዘንድ መጥቶ ሱሪውን አየው፤ ሳቀ፤ «ይህን ለብሼ ብሄድ ልጆች ይከተሉኛል» አለ። አንድ ቃል አልወቀሰኝም። «ጄኔራል» ማለቱንም አልተወም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ቢሰድበኝ፣ መንገድ ቢቀይርብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሲያጽናናኝ «ቀበሌው አስገድዶ ይወስደው ነበር፤ ወይ ላጲሶን ይወስድ ነበር» ይለኛል። ምናልባት። ግን ለእኔ የቀረበልኝ ጥያቄ ቀበሌው ምን ያደርጋል የሚል አልነበረም። ጥያቄው ፈረሶቹ ምን ይበላሉ የሚል ነበር፤ መልሱንም አውቄው ነበር።

ዘንድሮ መስቀል ዕለት ጠዋት ባጃጅ ይዤ ጃጁራ መንገድ ወረድኩ። አጥሩ ዙሪያ አደይ አበባ ፈክቷል። ከግቢው የቅቤ ሽታ ይመጣል፤ ሴቶቹ በቡላና በቅቤ የሚሠራውን አተካና እያዘጋጁ ነው። ኤርሱሞ አይቶኝ እያነከሰ ወደ በሩ መጣ። «ጄኔራል፣ ቶሎ ግባ፤ ላጲሶ ቢላውን ስሎ ጨርሷል።»

«አልገባም» አልኩት፤ «መጀመሪያ ስማኝ።»

አጥሩን ተደግፈን ቆመን ነገርኩት። ሐሙስን ነገርኩት፤ ዓርብን ነገርኩት። ሁለተኛውን ቅጽ ነገርኩት። ተንበርክኬ ሜትሩን እንደያዝኩ ያሰብኩትን እንኳ አልደበቅኩም። ለአርባ ዓመት ያህል ስለ ጀርመን አውርቼለታለሁ፤ እንደዚያ ቀን አጭር ወሬ አውርቼለት አላውቅም።

በዱላው መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ «ሐሙስ ነው ያነበብከው?» አለ።

«ሐሙስ።»

«እኔ የመጣሁት ዓርብ ጠዋት።»

«ዓርብ ጠዋት።»

«ሆመቾ ግማሽ ቀን ነው» አለ። ይህን የተናገረው ለእኔ አይደለም፤ እንደሚቆጥር ሰው ነው። ከውስጥ ሰው ሲጠራው በእጁ እንዲቆይ አመለከተ። «እግሬ የእኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ያለፉት ዓመታትም የእኔ ናቸው። እነሱን ትቼልሃለሁ፤ ከልቤ ነው። አባቴ መናኸሪያ የቆመበትን ግን እኔ ምን ብዬ እተውልሃለሁ? የእሱን የምተው እኔ ማን ነኝ?»

«ልሂድ?» አልኩት።

«መስቀል ዕለት ከበሬ ላይ ሰው አልመልስም። ግባ።»

ገባን። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ከምሰሶው አጠገብ ያለው ቦታ ላይ ነጭ ቁርበት ተነጥፎ ባዶውን ይጠብቃል። ኤርሱሞ ወደዚያ አልመራኝም። በሩ ሥር ያለችውን ትንሽ በርጩማ በዱላው ሳብ አድርጎ አሳየኝ። ተቀመጥኩ። ሥጋው መጣ፤ የመጀመሪያውን ኤርሱሞ ራሱ ቆርጦ በእጁ አጎረሰኝ። ከዚያ ከምሰሶው አጠገብ ካለው ባዶ ቦታ ጎን ሄዶ ተቀመጠ።

ላጲሶ ቢላውን እንደያዘ አንዴ ባዶውን ቦታ፣ አንዴ እኔን አየ። እሱም አርጅቷል፤ ቤቱ ውስጥ የቀረው ልጅ እሱ ነበር። «ጋሼ ጄኔራል፣ ምነው በሩ ላይ?» አለ። «እኛ እኮ ለእርስዎ ነው ያነጠፍነው። ወንድሜ፣ ምነው ሰውየውን በሩ ላይ አስቀመጥከው?»

ኤርሱሞ መልሱን ለእኔ ተወው። ወደ እኔ ተመለከተ።

በርጩማዬን ትቼ ተነሣሁ።

«አባታችሁ ዋንዛው ሥር በጠየቁኝ ቀን» አልኩ፤ «ሳላውቅ ተናገርኩ። ባወቅኩ ማግስት ደግሞ ዝም አልኩ። ሁሉንም ከመጀመሪያው እነግራችኋለሁ።»